ለደብራችን ካርታ ያስወጣልንን ወይስ በገንዘብ የታመነውን? የምርጫ ጥያቄ ከየካ አባዶ

የአባዶ ነዋሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጽዋ ማኅበራችን ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ጉዳይ ነው። ከእኛ የተሻለ የምታውቁ ትኖራላችሁና እዚህ አመጣሁት።

በእኛ ምርጫ ክልል ሁለት ሰዎች ለመወዳደር እየተዘጋጁ ነው። አንደኛው የደብራችን ሰው ናቸው። በሰበካ ጉባኤ ብዙ ደክመዋል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ላረፈበት ቦታ ካርታ ለማስወጣት ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ «ብትመርጡኝ የመካነ መቃብሩን ነገር እጨርስላችኋለሁ» ይላሉ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም። እዚህ ቀብር ሲኖርብን አስከሬን ይዘን ወደ ድሮ ሰፈራችን ነው የምንመለሰው፤ ዕድርተኛው ግማሹ መኪና አጥቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ ከብሎካችን ሥር ፋርማሲ አለው። የነዋሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሳለ የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። የጥበቃውን ሥራ የፈለጉ ሰዎች ገንዘብ በፖስታ ቢሰጡት ሳይከፍተው ስብሰባ ላይ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ውሃ ጠፍቶ ቦቴ በመጣ ጊዜም ተራ ሲያስይዝ ያስቀደመው አሮጊቶችንና አራሶችን ነው። በግል ሊወዳደር ነው።

ማኅበሩ ላይ ወደ ፋርማሲስቱ እንደማደላ ስናገር እንደ እናቴ የማያቸው አንዲት ሴት «ክርስቲያን ቆሞ ሳለ? በሰማይ ምን ትመልሳለህ?» አሉኝ። ሴትየዋን አከብራለሁ፤ በሰማይ የምጠየቅበት መሆኑንም እንደሳቸው አምናለሁ። የጨነቀኝም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ያን ዕለት አንድ ልጅ ተነሥቶ የደብራችንን ሰው «ለፕሮቴስታንቶቹና ለሙስሊሞቹስ የመቃብር ቦታ ይጠይቁላቸዋል?» ሲላቸው «እነሱ የራሳቸውን ሰው ይፈልጉ» አሉ። ከተቀመጥነው ብዙዎቹ አጨበጨቡ።

እምነታችን ድምፃችንን ይምራ ስንል ምን ማለታችን ነው? የእምነታችንን ሰው መምረጥ ነው ወይስ ሌላ?

አስተባባሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የዕጩም የፓርቲም ስም ሳይጠራ ይቀጥል። የሌላውን እምነት የሚያንኳስስ መልስ ይነሣል።

ዲያቆን ከሰሚት

ወንድሜ፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ክፈት። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ ደክሞት ሳለ አማቱ ዮቶር መጥቶ መከረው። ከሕዝቡ ሁሉ «አዋቂዎችን፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፥ የታመኑ፥ የግፍንም ረብ የሚጠሉትን ሰዎች ምረጥ» አለው። ከየትኛው ነገድ ይሁኑ አላለም። የማን ዘመድ እንደሆኑም አልጠየቀም። መካሪው ራሱ የምድያም ካህን ነበር፤ ከእስራኤል ወገን አልነበረም። ሙሴ ግን «አንተ የእኛ አይደለህም» ሳይል ምክሩን ተቀበለ።

«እግዚአብሔርን የሚፈሩ ይላልና ክርስቲያን መሆን አለበት» የሚለኝ ይኖራል፤ የሚገባ ጥያቄ ነው። ለሰበካ ጉባኤ ስንመርጥ ሃይማኖቱ መስፈርት ነው፤ የሚመራው ቤተ ክርስቲያንን ነውና። አገር ግን የሁላችን ነው። ዳንኤል በባቢሎንና በፋርስ ነገሥታት ቤት ሲሠራ ጠላቶቹ መዝገቡን ቢያገላብጡ እንከን አጡበት። ዮሴፍ የግብፅን እህል ያከማቸው ግብፃውያን እንዳይራቡ ጭምር ነው። እነዚህ ሰዎች የታመኑት በማያመልኩት ሕዝብ መካከል ነው። እኛስ ከእኛ ላልሆነ የታመነ ሰው ለምን ዓይናችንን እንጨፍናለን?

የግፍን ረብ የሚጠላ የሚለውን ደግሞ ደጋግመህ አንብበው። ጎረቤትህ ፖስታውን ጉባኤ መሐል ያኖረበት ቀን በዚህ ጥቅስ ተመዝኗል።

ለገጣፎ ዳር

ሁላችሁም በተመቸ ወንበር ላይ ሆናችሁ የምታወሩ መሰለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በክፋት አይደለም የምለው። እኔ የምኖረው ከእናንተ ማዶ ለገጣፎ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ የሚባለው ውስጥ። በዚህ ዳርቻ ሰው የሌለው ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ዶሴው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚሄደው የሚያውቅህ ሲኖር ነው። ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤቴ ለማን ይጩኽ? «የእኛ ሰው ይግባ» የሚለው ሕዝብ ዘረኛ ሆኖ ሳይሆን ተገፍቶ ነው። ፋርማሲስቱ ጨዋ ነው፤ ይሁን። ነገ የደብሩ አጥር ሲነካ አብሮን ይቆማል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በ2013 በእኛ በኩል ኦነግና ኦፌኮ የተባሉት የኦሮሞ ፓርቲዎች ከምርጫው ወጥተው ስለነበር ብዙ ሰው አማራጭ የለኝም ብሎ ነበር። እንዲህ ሲሆን ክርስቲያን ካርድ ባያወጣ ኃጢአት ነው ትላላችሁ?

መምህር በጡረታ

ልጄ ለገጣፎ፣ ያነሣኸው ትልቅ ነገር ነው። የተገፋ ሰው የሚጠጋበት ይፈልጋል፤ ይህን የማይረዳ ስለ ምርጫ ባያስተምር ይሻላል። ግን መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን አብረን እንየው።

አቤሜሌክ ወደ ሴኬም ወደ እናቱ ወንድሞች ሄዶ ያቀረበው የምረጡኝ ቃል «ሰባ ሰዎች ከሚገዟችሁ አንድ ሰው ይሻላል፤ እኔም አጥንታችሁና ሥጋችሁ ነኝ» የሚል ነው። ስለ ፍርድ፣ ስለ ድሃ፣ ስለ እርሻ ምንም አላለም። የሴኬም ሰዎች ልባቸው ወደ እሱ አዘነበለ፤ «ወንድማችን ነው» አሉ። ከቤተ ጣዖታቸው 70 ብር አውጥተው ሰጡት። እሱም በገንዘቡ ወሮበሎችን ቀጥሮ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ራሷን ሴኬምን አፈረሳት፤ ጨውም ዘራባት። «የእኛ ሰው» ያሉት ነው ያጠፋቸው።

ከግድያው ያመለጠው ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ የተናገረው ምሳሌ ለሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ይሆናል። ዛፎች ንጉሥ ሊሾሙ ወጡ። ወይራው ቅባቴን ትቼ አለ፣ በለሱ ጣፋጭነቴን ትቼ አለ፣ ወይኑም እምቢ አለ። በመጨረሻ እሾሁ እሺ አለ፤ በጥላዬ ተጠለሉ ብሎም ጠራቸው። ደጋጎቹ ሁሉ «እኔ ፖለቲካ አልወድም» ሲሉ የሚቀረው ማን እንደሆነ አየህ። ለእኔ ይህ የሚናገረው ለመራጩ ብቻ አይደለም፤ መወዳደር የሚችለው ቅን ሰው ቤቱ ሲቀመጥም ነው። አማራጭ ጠፍቶበት ያልመረጠውን ሰው ግን ኃጢአተኛ አልለውም። ሰልችቶት የቀረና አዝኖ የቀረ አንድ አይደሉም።

አሁን ደግሞ ስለ ደብሩ አጥር። እኔ ያደግሁት ቤተ ክርስቲያንና ዙፋን አንድ በነበሩበት ዘመን ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት ይላታል። ከዚያ የሚበልጥ «የእኛ ሰው» የት ይገኛል? ጭሰኛው ግን ጭሰኛ ሆኖ ቀረ፤ ብዙዎቻችን ስለ እሱ ሳንናገር ኖርን። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያኒቱም መሬት አብሮ ሄደ። በዓመቱ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ተገደሉ። በባለሥልጣን ቸርነት የተገኘ ይዞታ ባለሥልጣን ሲለወጥ ይናጋል። ደብራችሁን የሚጠብቃት ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው፤ እሱን የሚያስከብር ሰው ፈልጉ።

ነጻ ሐሳብ

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ተብሎ አልነበር? ምርጫን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማገናኘት ለምን አስፈለገ? የፓርቲውን ፕሮግራም አንብቦ መምረጥ ነው።

ጠበቃው

ነጻ ሐሳብ፣ ስለ ሕጉ ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህ ተቋማትን የሚመለከት ነው። የምርጫ ጣቢያ የሚገባ ዜጋ እምነቱን በር ላይ ትቶ ይግባ የሚል ሕግ የለም፤ አንቀጽ 27 የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነቱን ይጠብቅለታል። ራሱ ተመራጩ እንኳ በአንቀጽ 54 ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። ሕሊናህን በምን እንደምትቀርጸው የራስህ ጉዳይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሌላው ነገር ግን ለማኅበራችሁ ማስጠንቀቂያ ይሁን። በአምልኮ ስፍራ የምርጫ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ካህኑም ሆነ ፓስተሩ እንደ ዜጋ ይመርጣል፤ ከመድረክ ላይ «እከሌን ምረጡ» ማለት ግን ሕጉንም መንጋውንም ይጎዳል። በግሌ ሁለተኛው ነው የሚያሳስበኝ። ከምእመኑ መካከል ሌላውን የመረጠ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ ንስሐ ሊገባለት ይመጣል?

ለክሩ ባለቤት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የደብራችሁ ሰው የሚወዳደሩት ለየትኛው ምክር ቤት ነው? አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138 አባላት ያሉት ሌላ ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የአገር ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። በከተማው ውስጥ ለመቃብር ቦታ መስጠት የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው የመቃብር ቦታ ቃል ከገባ በእጁ የሌለውን ነው የሚሰጣችሁ። ሐሰት ላይሆን ይችላል፣ ሥልጣኑን አለማወቅ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዮቶር «አዋቂዎችን» ያለው ለዚህም ነው።

የአባዶ ነዋሪ

ጠበቃው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለፓርላማ ነው የሚወዳደሩት። ማኅበሩ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ተስፈኛዋ

ጌታ ይባርካችሁ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ የምኖረው ጣፎ አካባቢ ነው። በኦርቶዶክሳውያን መካከል ጣልቃ እንደገባሁ አትቁጠሩብኝ፤ የመቃብሩ ነገር ስለነካኝ ነው። እኛ ወንጌላውያን ሰዎቻችንን የምንቀብርበት አጥተን የለቀስንባቸውን ዓመታት ወላጆቼ ይነግሩኝ ነበር። «እነሱ የራሳቸውን ሰው ይፈልጉ» የሚለውን ቃል ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የአባዶ ወንድሜ፣ ያ ቃል ከልብህ አልወጣ ማለቱን እንደ መልስ ቁጠረው።

እኛም ቤት ስሕተት አለ። ምርጫ ሲቃረብ «እግዚአብሔር እከሌን ቀብቶታል» የሚሉ ትንቢቶች ይበዛሉ። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 ንጉሡ አክዓብ 400 ያህል ነቢያት ሰብስቦ ሁሉም በአንድ አፍ «ውጣ፣ ታሸንፋለህ» አሉት። ሚክያስ ብቻውን እውነቱን ተናገረ፤ በጥፊ ተመታ፣ ታሰረ። አክዓብ ግን ከዚያ ጦርነት በሕይወት አልተመለሰም። የሕዝቡ ቁጥርና የጩኸቱ ብዛት የእግዚአብሔር ድምፅ መሆኑን አያረጋግጥም። ትንቢት ለሚሉኝ የምመልሰው «ሰውየው ለሠራተኛዋ ደመወዝ በጊዜ ይከፍላል?» ብዬ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በ1964 ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ሰው ሙሉ ሰው ነው፤ ነፍሱንና ሥጋውን ነጣጥሎ ማገልገል አይቻልም ብላ ነበር። በዚያ ዘመን ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደርግ ሲያስጨንቃቸው ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ አሉ፤ በ1971 ተገደሉ። መምህር የጠቀሷቸው አቡነ ቴዎፍሎስ በተገደሉበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት የሚለያይ ብዙ ነገር አለ፤ መከራው ግን በአንድ ላይ መጣ። ስለዚህ በድምፅ መስጫው ቀን የእኔን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ማሰብ ለእኔ የሙሉ ሰው ወንጌል አይመስለኝም። ውሃው፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ካሳ ያላገኘው ገበሬ፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ አሉ።

የኮዬ እናት

ልጆቼ፣ እኔ እንደ እናንተ አልተማርኩም፤ የምጽፍላችሁም የልጅ ልጄ ናት። አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ባለፈው ምርጫ ጊዜ የሴቶች ስብስባችን ውስጥ አንዲት አስተባባሪ መጥታ መስቀል አስይዛ «እነ እከሌን እንመርጣለን» ብላ አስማለችን። እኔ ድንጋጤ ይዞኝ ማልኩ። ሣጥኑ ጋ ስደርስ ልቤ ሌላ አለኝ፤ መሐላዬን ፈርቼ ግን እንዳስማለችኝ አደረግሁ። አሁንም እንደዚያ ቢያደርጉን ምን ልሁን? መስቀል ይዤ ዋሽቼ ብመርጥ ይቀሥፈኛል?

ዲያቆን ከሰሚት

እናቴ፣ እንኳን ጠየቁ። መስቀል አስይዞ ድምፅ መውሰድ መስቀሉን መድፈር ነው፤ ዕዳው በእርስዎ ላይ ሳይሆን ባስማለችዎት ላይ ይበረታል። ጌታ በማቴዎስ 5 ከቶ አትማሉ ብሏል። ስለዚህ እንደገና ቢጠየቁ «ጌታዬ አትማሉ ብሎኛል፤ አልምልም» ይበሉ፤ ይህ መልስ ሐሰት የለበትም፣ ከማንም አያጣላም።

ስላለፈው ደግሞ ንጉሥ ሄሮድስን ያስቡ። ለልጅቷ የጠየቅሽውን እሰጥሻለሁ ብሎ ማለ፤ የዮሐንስን ራስ ስትለው አዘነ፤ ግን ስለ መሐላው ብሎ አስቆረጠው። መሐላውን በመጠበቁ የሚያመሰግነው የለም። ወደ ክፉ የሚወስድ መሐላ አይጠበቅም፤ ንስሐ ይገባበታል። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ልብዎን ያሳርፉልዎታል።

ጠበቃው

እናቴ፣ በሕጉም በኩል እርስዎ ነጻ ነዎት። ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አያይዎትም፤ ወረቀቱ ላይም ስምዎ አይጻፍም። በማስገደድ ወይም በማስፈራራት ድምፅ መውሰድ ወንጀል ነው።

ለገጣፎ ዳር

መምህር፣ የአቤሜሌክን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከዛሬ በፊት ስለ ምርጫ ብዬ አላሰብኩትም። ቢሆንም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። የተገፋው ሰው «የእኛ ሰው» የማይል ከሆነ ማን ይቆምለታል? ቸልታው ይቀጥል ነው?

ዲያቆን ከሰሚት

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም ተነሥቷል፤ የሐዋርያት ሥራ 6። በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን «መበለቶቻችን በዕለት ዕደላው ተዘነጉ» ብለው አጉረመረሙ። የቋንቋ፣ የወገን አቤቱታ ነው። ሐዋርያት ዝም በሉ አላሏቸውም። ዕደላውን ለሁለት ከፍላችሁ እያንዳንዱ የራሱን ይመግብ ብለውም አልገላገሉትም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም ተመልከት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! ብዙኃኑ የተገፋውን ወገን ልጆች አምኖ የሁሉንም ማዕድ አስረከባቸው። እነሱም የዕብራውያኑን መበለቶች አስራቡ ተብሎ አልተጻፈም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የአንተ ጎረቤት ቤት ሲፈርስ የሚቆምለትን ሰው መምረጥ የእኔም ድርሻ ነው፤ እኔ ባልፈርስም። አንተም ለእኔ እንዲሁ።

ለገጣፎ ዳር

ይህን ተቀብያለሁ። የእናንተ በኩል መራጮች እንደዚህ ያስባሉ ብዬ ለማመን ግን ጊዜ ይወስድብኛል። ሲያደርጉት አያለሁ።

ነጻ ሐሳብ

እኔም ስለ ፕሮግራም ያልኩትን አልተውኩም፤ ታማኝ ሰው መጥፎ ፖሊሲ ሊያጸድቅ ይችላል። በግል የገባ ሰው ደግሞ ፓርላማ ውስጥ ከ547 መቀመጫ አንድ ነው። ፋርማሲስቱ እዚያ ብቻውን ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቁት እንጂ በደረሰኙ ብቻ አትምረጡት።

መምህር በጡረታ

ነጻ ሐሳብ ልክ ብለሃል። የታመነ መሆኑ በቂ አይደለም፤ ዕውቀቱም ይመርመር። የታመነ ካልሆነ ግን ፕሮግራሙን ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው ብዬ ነው የማምነው።

የአባዶ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ክር ለእኒያ እናት በስልኬ አነበብኩላቸው። ስለ ኮዬዋ እናት ስደርስ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እሱ ሰውዬ ስለ መቃብሩ ምን አለ እስቲ ድገመው» አሉኝ። ሐሳባቸውን ለውጠዋል አልልም፤ የፋርማሲስቱን ስም ግን ከዚያ ወዲህ ሳይቆጡ ይጠሩታል።

በማኅበሩ የተስማማነው ሁለቱንም ዕጩዎች ጠርተን በሕዝብ ፊት ልንጠይቃቸው ነው። በደብሩ አዳራሽ እናድርገው ያሉ ነበሩ፤ ጠበቃው ያሉትን ነግሬያቸው ወደ ሳይቱ ኮሚናል (የነዋሪው የጋራ ቤት) ቀየርነው። ስለ ውሃው፣ ከእርሻው ስለተነሣው ገበሬ ካሳ፣ ስለ ሰላም እንጠይቃለን። የደብራችንን ሰው ደግሞ ያን ቃላቸውን እኔው ራሴ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ፤ ዕድል ቢያገኙ ያቃኑት ይሆናል፣ መልካም ሰው ናቸውና። ፋርማሲስቱን የደብራችን አጥር ሲነካ ምን እንደሚያደርግ እጠይቀዋለሁ፤ ይህ የለገጣፎ ወንድሜ ጥያቄ ነው።

ተስፈኛዋ

ቀኑን ስትቆርጡ እሑድ ጠዋት አታድርጉት፤ እኛም እናንተም ቤተ ክርስቲያን ነን። ዓርብ ቀትርም ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ሶላት ላይ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ሴቶችም ከገበያ ተመልሰው ይደርሳሉ። ከጣፎ መጥተን ብናዳምጥ ይፈቀዳል?

የአባዶ ነዋሪ

ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ብዬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ ሲወሰን እዚሁ እጽፋለሁ።